ሥራ ፈት ሞጁሎችን ለመለየት የቱ መንገድ ይሻላል? ለዎርድፕረስና ለድሩፓል ድረ ገጾች የንጽጽር መመሪያ

ጅማ ላይ ድረ ገጽ ያላቸው ድርጅቶች ታሪካቸው ይመሳሰላል። ቡና ላኪው፣ ሆቴሉ፣ የግል ኮሌጁ ድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር በሆኑት በዎርድፕረስ ወይም በድሩፓል አንድ ልጅ ያሠራሉ። ልጁ የተሻለ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ይገባል። ሌላ ይተካል። እሱም የሚያውቀውን ፕለጊን (ድረ ገጹ ላይ ተጨማሪ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም፤ ድሩፓል ላይ ሞጁል ይባላል) በላዩ ላይ ይጭናል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የአስተዳደር ገጹን ስትከፍቱ ሠላሳ ምናምን ፕለጊን ተደርድሮ ታገኛላችሁ። የትኛው እየሠራ እንደሆነ፣ የትኛው ዝም ብሎ እንደተቀመጠ አፉን ሞልቶ የሚናገር የለም። ለመንካትም ሁሉም ይፈራል።

ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን መተዉም ዋጋ ያስከፍላል። ፕለጊን ሥራ እንዲያቆም ሲደረግ ፋይሉ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ላይ እንዳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ፋይል ማኔጀር በተባለው የዎርድፕረስ ፕለጊን ላይ የተገኘውን ቀዳዳ ውሰዱ። ያኔ ከ700,000 በላይ ድረ ገጾች ላይ ተጭኖ ነበር። አጥቂዎቹ የይለፍ ቃል አላስፈለጋቸውም። ፕለጊኑ ውስጥ የነበረ አንድ ፋይል በአድራሻው በቀጥታ ይጠራ ነበር። በእሱ በኩል የፈለጉትን ፋይል ሰርቨሩ ላይ ይጭኑ ነበር። እንዲህ ዓይነት ፋይል ማጥፊያውን ስለተጫናችሁ ብቻ አይሞትም። ከሰርቨሩ መውጣት አለበት።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ "ማጥፋት" ስል ሥራ ማቆሙን ነው። "መሰረዝ" ስል ደግሞ ፋይሉ ጭራሽ እንዲወገድ። "መንቀል" ስል ድሩፓል ላይ ሞጁሉን ከነቅንብሩ ከድረ ገጹ ማውጣት ነው፤ ፋይሉ ግን ሰርቨሩ ላይ ይቀራል።

መጀመሪያ ምን እንደምትፈልጉ እወቁ

ሥራ ፈት ሞጁል ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ጠፍቶ ያልተሰረዘ ነው። ይሄ ቀላሉ ነው፤ ዝርዝር ውስጥ በግልጽ ይታያል። ሁለተኛው በርቶ ማንም የማይጠቀምበት ነው። ለአንድ የምረቃ በዓል የተጫነ የቀን ቆጣሪ፣ ሁለት ዓመት ምንም ምስል ያልተጨመረበት ስላይደር፣ ከሁለቱ የፍለጋ ማሻሻያ ፕለጊኖች አንዱ። ሦስተኛው ፕለጊኑ ከሄደ በኋላ የቀረ ኮተት ነው፦ ዳታቤዝ (የድረ ገጹ መረጃ የሚከማችበት) ውስጥ የተረሱ ሠንጠረዦች፣ ጽሑፍ መሃል ብቅ የሚሉ በቅንፍ የታጠሩ ኮዶች።

ሰዎች መሣሪያ ሲመርጡ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ሦስቱንም አሟልቶ የሚያሳይ መሣሪያ የለም። አንዱ የመጀመሪያውን ብቻ ያያል። ሌላው ስለ ሁለተኛው ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አይፈርድም። "ሁሉንም ያጸዳልኛል" ብላችሁ አንዱን ብቻ ከጫናችሁ የሚቀረው ከተነሳው ሊበልጥ ይችላል።

የምንመዝንባቸው ነገሮች

መንገዶቹን በአምስት ነገር መዝኛቸዋለሁ። ከሦስቱ ዓይነቶች የትኛውን ያሳያል? ምን መግቢያ ይፈልጋል፤ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይበቃል ወይስ ሲፓነል (ሰርቨሩ የሚተዳደርበት ገጽ) ወይም ኤስኤስኤች (በጽሑፍ ትእዛዝ ወደ ሰርቨሩ የሚገባበት መንገድ)? ስንት ዳታ ይበላል? ብትሳሳቱ ጉዳቱ ምን ድረስ ነው? ጊዜና ብርስ?

ሁለተኛው ጥያቄ እኛ አገር ከሌላው ይከብዳል። ብዙ ድርጅት በእጁ ያለው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ብቻ ነው። የሆስቲንጉ (ሰርቨሩን የሚያከራየው አገልግሎት) መግቢያ ከልጁ ጋር ሄዷል። ስለዚህ ከማንኛውም ነገር በፊት የሲፓነሉን የይለፍ ቃል አፈላልጉ። እሱ ከሌለ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) መመለስ ራሱ ጣጣ ነው፣ ባክአፕ ሳይኖር ደግሞ ምንም አይሰረዝም።

የአስተዳደር ገጹ ራሱ

ምንም ሳትጭኑ የምትጀምሩት እዚህ ነው። ዎርድፕረስ ላይ የፕለጊኖች ገጽ አናት ላይ የጠፉትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። ከመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ሳይት ሄልዝ የሚባለው ገጽም የጠፉ ፕለጊኖችን እንድትሰርዙ ይመክራል።

ድሩፓል ላይ ኤክስቴንድ የሚባለውን ገጽ ክፈቱ። ምልክት የሌለባቸው ሞጁሎች አልተጫኑም ማለት ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ ከድሩፓል ጋር አብረው የሚመጡት የኮር ሞጁሎችም እዚያው ተደባልቀው ይታያሉ። እነሱን ለመሰረዝ አትሞክሩ። የኮሩ አካል ናቸው።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ልዩነት አለ። ዎርድፕረስ የጠፉ ፕለጊኖችንም አዲስ እትም ሲወጣላቸው ይነግራችኋል። ድሩፓል ግን ቅንብሩን ካልቀየራችሁ ያልተጫኑ ሞጁሎችን አይከታተልም። የዝማኔ ቅንብሩ ውስጥ ያልተጫኑትንም እንዲያይ የሚያደርግ ሳጥን አለ፤ ምልክት አድርጉበት። አለበለዚያ ቀዳዳ ያለበት አሮጌ ኮድ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ገጹ "ሁሉም ሰላም ነው" ይላችኋል።

ድሩፓል ላይ ሌላም ጥሩ ነገር አለ። ሞጁል የሚነቀልበት ገጽ እያንዳንዱ ሞጁል የማይነቀልበትን ምክንያት ከሥሩ ይጽፋል። ሌላ ሞጁል ይፈልገዋል፣ ወይም እሱ የፈጠረው የመረጃ ዓይነት ይዘት ላይ ገብቷል ይላል። ይህ ስለ ሁለተኛው ዓይነት በነጻ የሚገኝ ማስረጃ ነው። ምንም ምክንያት ያልተጻፈበት ሞጁል ተጠርጣሪ ነው። ተጠርጣሪ ብቻ ግን፤ ኢሜይል የሚልክ ሞጁል ማንም ሳይደገፍበት ዋናውን ሥራ ሊሠራ ይችላል።

የትእዛዝ መስመር

ይህ ሰርቨሩን አዝራር በመጫን ሳይሆን በጽሑፍ ማዘዝ ነው። ለዎርድፕረስ ደብሊውፒ ሲኤልአይ፣ ለድሩፓል ድራሽ አለ። ሁለቱም በአንድ መስመር ትእዛዝ የጠፉትን ብቻ ዘርዝረው ያወጣሉ። ድራሽ የኮር ሞጁሎችን ከዝርዝሩ እንዲያስቀር ማዘዝም ይቻላል፤ ያ የአስተዳደር ገጹን ዋና ድካም ያስቀራል። የዎርድፕረሱ ደግሞ በአስገዳጅ የሚጫኑትንና ዘወትር የሚረሱትን ፕለጊኖችም ይዘረዝራል።

እኔ የምወደው በዳታ ጉዳይ ነው። የሚሄደውና የሚመጣው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ምሽት እንኳን ይሠራል። የአስተዳደር ገጹ ተጭኖ እስኪያልቅ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል፤ ይሄ ግን በሰከንድ ይመልሳል።

ሌላው ጥቅሙ ዳታቤዙን መፈተሽ ነው። አንድ ፕለጊን ገጽ ውስጥ የሚያስገባውን በቅንፍ የታጠረ ኮድ ስሙን ሰጥታችሁ መላው ዳታቤዝ ውስጥ ፈልግ ትሉታላችሁ። ከተገኘ ፕለጊኑ አንድ ቦታ ላይ ይፈለጋል። ካልተገኘ አንድ ጥርጣሬ ቀነሰ። ችግሩ ኤስኤስኤች መፈለጉ ነው። ርካሽ የጋራ ሆስቲንግ ላይ ብዙ ጊዜ የለም፣ ወይም ተጠይቆ ነው የሚከፈተው። ጠይቁ፤ መጠየቅ ነጻ ነው።

ለዚሁ ሥራ የተሠሩ ሞጁሎች

ድሩፓል ላይ አንዩዝድ ሞጁልስ የሚባል አለ። ጥቅሙን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከድሩፓል የሚወርድ አንድ ጥቅል ውስጡ ብዙ ሞጁሎች ሊኖሩት ይችላል። አምስቱ ጠፍተው አንዱ በርቶ ሊሆን ይችላል። አቃፊውን የጠፉትን ብቻ አይታችሁ ከሰረዛችሁ የበራውንም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ይህ ሞጁል ጥቅሉን እንደ አንድ ቆጥሮ ውስጡ አንድም የበራ የሌለበትን ለይቶ ያሳያል። ከኤክስቴንድ ገጽ በጣቱ እየቆጠረ ለሚሠራ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ስሙ ግን እንዳያሳስታችሁ። የሚያየው የመጀመሪያውን ዓይነት ብቻ ነው። የበራውን ሁሉ "የሚሠራበት" ብሎ ያልፋል።

ዎርድፕረስ ላይ ፕለጊንስ ጋርቤጅ ኮሌክተር የሚባለው የሚሠራው በሌላኛው ጫፍ ነው። ዳታቤዙን ፈትሾ የዎርድፕረስ ኮር ያልሆኑትን ሠንጠረዦች ያወጣና የየትኛው ፕለጊን እንደሆኑ ይነግራችኋል። ሦስተኛውን ዓይነት የሚያይ እሱ ነው። ሠንጠረዥ ስትሰርዙ ግን መመለሻ የለውም። የተማሪ ምዝገባ ወይም የደንበኛ ጥያቄ የተከማቸበት ሠንጠረዥ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱም ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ራሳቸው መውጣት አለባቸው። ሥራ ፈት ፈላጊው ራሱ ሥራ ፈት ሆኖ የቀረበት ድረ ገጽ ብዙ ነው።

ገጹ ሲከፈት ማን እንደሚሠራ ማየት

ለዎርድፕረስ ኩዌሪ ሞኒተር አለ። አንድ ገጽ ሲከፈት የትኛው ፕለጊን ስንት የዳታቤዝ ጥያቄ እንዳቀረበ፣ የትኛው ስክሪፕት እንደጫነ ያሳያል። ገጹን ያዘገየውን ለመያዝ ጥሩ ነው። ሥራ ፈትን ለመያዝ ግን በግማሽ ነው። ስላይደሩ ስላይድ በሌለበት ገጽ ላይ ሁሉ ስክሪፕቱን ሲጭን ታዩታላችሁ፤ ይጫናል ማለት ግን ይፈለጋል ማለት አይደለም። በተቃራኒው ባክአፕ የሚወስደው ፕለጊን ሌሊት ስለሚሠራ ገጽ ላይ ላይታይ ይችላል። ያልታየውን ሁሉ የሚሰርዝ ሰው መጀመሪያ የሚሰርዘው ባክአፑን ነው።

የድረ ገጹ ቅጂ ላይ አጥፍቶ ማየት

ሁለተኛውን ዓይነት በእርግጠኝነት የሚፈርደው ይህ መንገድ ብቻ ነው። ድካሙም የሚበዛው እዚህ ነው።

ለምን ቅጂ እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንድ ቡና ላኪ ድረ ገጽ ላይ ሁለት የፎርም ፕለጊን ነበረ። "ያግኙን" የሚለው ገጽ አንደኛውን ይጠቀማል። በአማርኛውም፣ በአፋን ኦሮሞውም፣ በእንግሊዝኛውም ያው ነው። ሁለተኛው የት እንዳለ አይታይም። ማንም አይቶ "ይሄ ይውጣ" ይላል። ዳታቤዙ ውስጥ ፍለጋ ሲካሄድ ግን በእንግሊዝኛው ብቻ ባለ አንድ ገጽ ላይ ተገኘ፦ የውጭ ገዢ የቡና ናሙና የሚጠይቅበት ገጽ። ምናሌ ውስጥ የለም፤ አድራሻው ለገዢዎች በኢሜይል ነው የሚላከው። ፕለጊኑ ቢጠፋ ገዢው የሚያየው በቅንፍ የታጠረ የማይገባ ኮድ ነበር። ከጅማ ሆኖ ይህን የሚያስተውል ሰው አይኖርም። ጥያቄ መምጣት ያቆማል፣ በቃ።

ዎርድፕረስ ላይ ቀለል ያለ አማራጭ አለ። ሄልዝ ቼክ ኤንድ ትራብልሹቲንግ የሚባለው ፕለጊን ሌሎቹን ሁሉ ለእናንተ ብቻ ያጠፋቸዋል። ጎብኚው ድረ ገጹን እንደወትሮው ያያል። እናንተ አንድ በአንድ እያበራችሁ የሚጎድለውን ታያላችሁ። ዳታ አያባክንም፣ ሲፓነልም አይፈልግም። የማይፈትሸው ከበስተጀርባ የሚሠራውን ነው፦ ባክአፕ፣ የታቀደ ኢሜይል፣ የክፍያ ማረጋገጫ።

ድሩፓል ላይ እንዲህ ያለ ምቾት የለም። እስከ ድሩፓል 7 ድረስ ሞጁል ሳይነቀል ማጥፋት ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ድሩፓል 8 ያንን አስቀረው። አሁን ያለው መንቀል ብቻ ነው፣ ሲነቀል ደግሞ ቅንብሩና መረጃው አብሮ ይሄዳል። ከመንቀላችሁ በፊት የሚመጣው የማረጋገጫ ገጽ የሚጠፉትን ቅንብሮች ይዘረዝራል። አንብቡት። ሰው እንደ ስልክ መተግበሪያ ውል "እሺ" ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ድሩፓል ላይ ቅጂ የግድ ነው።

ቅጂውን የት ትሠሩታላችሁ? የሚሻለው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው። ብዙ ሆስቲንግ ሲፓነል ውስጥ ድረ ገጽ የሚባዛበት መሣሪያ አለው። ሁሉም ነገር እዚያው ስለሚገለበጥ የእናንተ ዳታ አይነካም። ኮምፒውተራችሁ ላይ ዛምፕ (ኮምፒውተርን እንደ ሰርቨር የሚያሠራ ፕሮግራም) ጭናችሁ የምትሠሩ ከሆነ የምስል አቃፊውን ተዉት። ኮዱና ዳታቤዙ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። የሚከብደው ፎቶው ነው።

ቅጂው ላይ መጀመሪያ የምታደርጉት ኢሜይል እንዳይልክ መዝጋት ነው። ካልተዘጋ ቅጂው ለእውነተኛ ደንበኞች መልእክት ይልካል። ክፍያ ካለ ወደ መሞከሪያ ሁነታ አዙሩት። የፍለጋ ሞተሮች እንዳያገኙትም ዝጉ። ከዚያ አንድ ፕለጊን አጥፉ፣ ገጾቹን ባሏቸው ቋንቋዎች ሁሉ እዩ፣ ፎርም ሙሉ፣ ግቡ፣ ውጡ። ከዚያ ቀጣዩን። አሥር አንድ ላይ አጥፍቶ ሲበላሽ የትኛው እንደሆነ መፈለግ ጊዜ መቆጠብ አይደለም።

ለባለሙያ መስጠት

ገንዘብ ካለና ድረ ገጹ ገቢ የሚያመጣ ከሆነ ያዋጣል። ግን "አጽዳልኝ" ብላችሁ አትስጡ። ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ የሚወጡት ዝርዝር ከነምክንያቱ፣ ባክአፑ የት እንዳለ፣ የሆነ ነገር ቢበላሽ በስንት ሰዓት እንደሚመልስ። ቅጂ ላይ ሳይሞክር በቀጥታ የሚሠራ ከሆነ ርካሽ ቢሆንም ይቅርባችሁ።

በአንድ እይታ

| መንገድ | የሚያሳየው ዓይነት | የሚፈልገው መግቢያ | ዳታ | የስህተት አደጋ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የአስተዳደር ገጽ | አንደኛውን፤ ድሩፓል ላይ ስለ ሁለተኛውም ፍንጭ | የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ነጻ |
| የትእዛዝ መስመር | አንደኛውን፤ በፍለጋ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በከፊል | ኤስኤስኤች | በጣም ትንሽ | ትእዛዙን ለማያውቅ ከፍተኛ | ነጻ፣ መማር ይፈልጋል |
| አንዩዝድ ሞጁልስ | አንደኛውን ብቻ፣ በጥቅል ደረጃ | አስተዳዳሪና ሞጁል የመጫን ፈቃድ | ትንሽ | ዝቅተኛ | ነጻ |
| ፕለጊንስ ጋርቤጅ ኮሌክተር | ሦስተኛውን | የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል | ትንሽ | ከፍተኛ | ነጻ |
| ኩዌሪ ሞኒተር | ስለ ሁለተኛው ፍንጭ | የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል | መካከለኛ | ዝቅተኛ፣ ለተሳሳተ ድምዳሜ ግን ይዳርጋል | ነጻ |
| ለራስ ብቻ ማጥፋት (ዎርድፕረስ) | ሁለተኛውን፣ ከበስተጀርባ ሥራ በስተቀር | የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ነጻ |
| ቅጂ ላይ መሞከር | ሁለተኛውን ሙሉ በሙሉ | ሲፓነል | ሰርቨር ላይ ከሆነ ትንሽ | ዝቅተኛ | ጊዜ |
| ባለሙያ | እንደ ሰውየው | ሁሉንም | የእናንተ አይደለም | እንደ ሰውየው | ክፍያ |

ለማን የቱ?

አንድ ትንሽ የዎርድፕረስ ድረ ገጽ ያለውና በእጁ የይለፍ ቃል ብቻ ያለ ሰው የአስተዳደር ገጹና ለራስ ብቻ የማጥፋት ዘዴው ይበቁታል። የጠፉትን ዛሬ ይሰርዝ። የበሩትን ጊዜ ወስዶ ይፈትሽ። ዳታቤዙን ግን አይንካ፤ ጥቂት የተረሱ ሠንጠረዦች ለትንሽ ድረ ገጽ የሚያስከፍሉት ዋጋ ኢምንት ነው።

የአይቲ ክፍል ላለው ኮሌጅ ወይም መሥሪያ ቤት፣ በተለይ ድሩፓል ከሆነ፣ ድራሽንና አንዩዝድ ሞጁልስን አጣምሩ። የመንቀያ ገጹን ምክንያቶች አንብቡ፣ ከዚያ ቅጂ ላይ ሞክሩ። ኮምፖዘር (የሞጁሎችን ኮድ የሚያስገባና የሚያወጣ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሞጁሉን ከድረ ገጹ ንቀሉ። ያ ዋናው ድረ ገጽ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው ኮዱ በኮምፖዘር የሚወጣው። አቃፊውን በሲፓነል ቀድሞ የሰረዘ ሰው ሞጁሉ ከፋይሎቹ መሃል ጠፍቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ይከተለዋል። መፍትሔው ያንኑ እትም መልሶ አስገብቶ፣ ነቅሎ፣ ከዚያ መሰረዝ ነው። ዎርድፕረስ ላይም አቃፊውን በእጅ መሰረዝ የፕለጊኑን የራሱን ማጽጃ ስለሚያስቀር ኮተቱ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀራል። ከአስተዳደር ገጹ ሰርዙት።

የብዙ ደንበኛ ድረ ገጽ የምትይዙ ልጆች የትእዛዝ መስመሩን ተማሩ። ሌላው ሁሉ ጊዜያችሁን ይበላል።

ክፍል የሚያስይዝ ሆቴል ወይም ክፍያ የሚቀበል ድርጅት የቅጂውን ሥራ ለባለሙያ ይስጥ። ዝርዝር ማውጣቱን ግን ራሱ ይሥራው፤ ክፍያውም ይቀንሳል፣ ባለሙያው የሚያወራውንም ይረዳል።

ድሩፓል 7 ላይ የቀረ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። የዚያ እትም ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 አብቅቷል። እዚያ ላይ ለጽዳት ሳምንት ማጥፋት አያዋጣም። የበሩትንና በእርግጥ የሚሠራባቸውን ብቻ ዘርዝሩ። ወደ አዲሱ እትም ስትሻገሩ ምትክ የሚፈለግላቸው እነሱ ብቻ ናቸው፣ የሥራውም ዋጋ የሚተመነው በዚያ ዝርዝር ርዝመት ነው።

ጊዜውንም ምረጡ። ቡና ላኪ ከሆናችሁ ቡና በሚለቀምበትና ገዢዎች በሚጽፉበት ሰሞን አትጀምሩ። ኮሌጅ ከሆናችሁ ምዝገባው ይለቅ። አርብ ማታም አይሁን፤ የሆስቲንጉ ሰው ስልክ የሚያነሳበት ጠዋት ይሁን።